በረሃው ባለቤት አለው

የዳሎልና የኤርታሌ የቡድን ጉዞ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ «አስጎብኚ ከአዲስ አበባ ይዘን እየሄድን ለአፋር መሪ፣ ለጠባቂና ለግመል እንደገና የምንከፍለው ለምንድን ነው? አገሩ የራሳችን አይደለም እንዴ?» ጥያቄው የብር ይመስላል። መልሱን የሚሰጠን ግን ታሪክ ነው።

ከቅርባችን እንነሳ። ለእኛ አዘና ለምንኖር ሰዎች ግሽ ዓባይ የጎረቤት ያህል ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደዚያ ሲመጣ ወልዶ የሚባል መሪ ነበረው። ወልዶ ምንጩን ከማሳየቱ በፊት የብሩስን የሐር መቀነት ጠየቀ፤ ተሰጠው። አገሬው አገው ምንጩን ያከብር ስለነበር ብሩስ ጫማውን አውልቆ ነው የወረደው። ከ2 ዓመት በኋላ የኑብያን በረሃ ወደ አስዋን ሲያቋርጥም ኢድሪስ የሚባል መሪ ከፊቱ ነበር። ግመሎቹ አልቀው፣ ጓዛቸውን አሸዋ ላይ ጥለው፣ በሕይወት አስዋን ገቡ። ዓለም የሚያውቀው ግን የብሩስን ስም ብቻ ነው።

አሁን ወደ አፋር እንሻገር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1875 መጨረሻ፣ ከጉንደት ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ለግብጹ ከዲቭ ያደረ ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ከታጁራ ተነስቶ ወደ ሸዋ ጉዞ ጀመረ። ከ300 በላይ ወታደር ይዟል፤ የአውሳን ፈቃድ ግን አልያዘም። አውሳ ላይ ሌሊት ተከበበ፤ እሱም ሚስቱም ከብዙ ሰዎቹ ጋር ተገደሉ። በ1881 ጣሊያናዊው ጁሊየቲ ከነጓዶቹ፣ በ1884 ደግሞ ከትግራይ ወደ አሰብ መንገድ ሊከፍት የወጣው ቢያንኪ በዚሁ በአፋር በረሃ አለቁ።

ከእነዚህ ሁለት እልቂቶች መካከል፣ በ1883፣ ሌላው ጣሊያናዊ አንቶኔሊ ከአሰብ ተነስቶ በአውሳ በኩል ሸዋ ገባ። በረሃው ያው ነው፤ ሙቀቱም ያው ነው። ልዩነቱ አንቶኔሊ ከአውሳው ሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ጋር ተዋውሎ ማለፉ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የአዋሽን መጨረሻ ለማየት ሲነሳም አውሳ የገባው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ስለፈቀዱለት ነው። እሱም ጠመንጃ ነበረው፤ በሩን የከፈተለት ግን ፈቃዱ ነው።

ይህ ለምን ሆነ? አንዳንዶች «አፋር እንግዳ አይወድም» ይላሉ። ስህተት ነው። ካርታ ላይ ባዶ የሚመስለው ሜዳ የጎሳ መሬት ነው፤ እያንዳንዱ የውሃ ጉድጓድና ግጦሽ የሚጠይቅለት ሰው አለ። ከዚህ ላይ ዳጉ አለ፦ ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ማን እንደመጣ፣ የት እንዳደረ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ጠብ የት እንዳለ ሳይለዋወጡ አይለያዩም። የእንግዳው ወሬ ከእንግዳው ቀድሞ ይደርሳል። የአገሩን መሪ የያዘ ሰው ወሬው ሲደርስ «የእገሌ እንግዳ ነው» ይባላል። ያልያዘው ማን እንደሆነ የሚመሰክርለት የለም። አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ያሉት እዚህ ላይ ይሠራል።

የዛሬው ጉዞም ያለ እነዚህ ሰዎች አይሆንም። ዳሎል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተወሰደው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ይበልጥ ነበር። ለዚህ ነው ኤርታሌ በማታ የሚወጣው፤ ፍራሹንና ውሃውን ግመል ይሸከማል፣ መሪው በጨለማ ከፊት ይሄዳል።

«መሪና ጠባቂ መቼ አዳነ?» የሚል ይኖራል። ጥር 2004 ዓ.ም. ኤርታሌ ላይ 5 ጎብኚዎች ተገድለዋል። እውነት ነው፤ ድንበር ላይ የታጠቀ ኃይል ለሚያደርሰው ጥቃት መሪው ዋስ ሊሆን አይችልም፤ የሞቱትንም መውቀስ ነውር ነው። ግን የ1999 ዓ.ም.ን እገታም እናስታውስ። ከብሪታንያ ኤምባሲ ጋር ግንኙነት የነበራቸው 5 አውሮፓውያንና 8 ኢትዮጵያውያን አብረው ተወሰዱ። አውሮፓውያኑ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ተለቀቁ፤ የዓለም ካሜራም አብሯቸው ሄደ። ኢትዮጵያውያኑ የተፈቱት ከአንድ ወር በላይ ዘግይተው፣ ሚያዝያ ላይ ነው። ስንቶቻችን እናስታውሳለን? የወልዶና የኢድሪስ ዕጣ ዛሬም አልተቀየረም።

አገሩ የራሳችን ነው፤ ልክ ነው። የአዘና ገበሬ ማሳም የኢትዮጵያ ነው፤ ማንም ግን ገበሬውን ሳይጠይቅ ድንኳን አይተክልበትም። ለአፋሩ መሪ የምንከፍለውም በዚሁ ሥርዓት ነው። የቡድን ጉዞ ልትመዘገቡ ስትሉ ከዋጋው ጋር ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የአፋሩ መሪ ማን ነው? ከምንከፍለው ውስጥ እጁ ላይ የሚደርሰው ስንት ነው? አዘጋጁ ስሙን እንኳ ካላወቀው ሌላ አዘጋጅ ፈልጉ።