የሚዛን መሳት ስለ ነርቭ ሕመም ምን ይጠቁማል?

በአረጋውያን ላይ የሚታይ ሚዛን መሳትና በተደጋጋሚ መውደቅ ብዙ ጊዜ የእርጅና ጉዳይ ተደርጎ ይታለፋል። ለነርቭ ሐኪም ግን ውድቀቱ መቼና እንዴት እንደጀመረ ማወቅ ሕመሙን ለመለየት ይረዳል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1817 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን በሚታይ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ በእንቅስቃሴ መዘግየትና በጡንቻ መገተር ይጀምራል፤ ሚዛን መሳት የሚከተለው ከዓመታት በኋላ ነው። ታማሚው ገና ከጅምሩ ወደ ኋላ የሚወድቅና ዓይኑን ወደ ታች ለማንቀሳቀስ የሚቸገር ከሆነ፣ ፕሮግረሲቭ ሱፕራኑክሊየር ፓልሲ የተባለ ሌላ የአንጎል ሕመም ይጠረጠራል። እግርን አራርቆ እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ እንቅስቃሴን የሚያስተባብረው የአንጎል ክፍል መጎዳቱን፣ በጨለማ የሚብስ መንገዳገድ ደግሞ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትን ሊያመለክት ይችላል።

ልዩነቱ ሕክምናውን ይወስናል፤ የፓርኪንሰን ምልክቶች በሌቮዶፓ መድኃኒት ይቀንሳሉ፣ የቫይታሚን እጥረትም በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። ስለዚህ ቤተሰብ ውድቀቱ የጀመረበትን ጊዜ፣ አወዳደቁንና ታማሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ለሐኪም ማስረዳት ይገባዋል። በድንገት የጀመረ ሚዛን መሳት ግን ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።