በበር የማይገባ አልጋ

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ቅዳሜና እሑድ የማይቀር ትርኢት አለ። አዲስ ገቢው ነዋሪ ቁም ሣጥኑን ታች አቁሞ ደረጃውን ይለካል፤ ዕቃውን ያጋድለዋል፣ ይገለብጠዋል፤ በመጨረሻ ገመድ ይፈለግና ዕቃው በበረንዳ በኩል ሽቅብ ይጎተታል። ከታች የቆመው ሁሉ «ቀስ! ቀስ! መስታወቱን!» እያለ አዛዥ ይሆናል። እኔም በገዛ እጄ የሠራሁትን የመጻሕፍት መደርደሪያ እንዲሁ አስጎትቻለሁ። የመጻሕፍቱን ቁመት ለክቼ ነበር፤ የግድግዳውንም ስፋት ለክቻለሁ። የደረጃውን መታጠፊያ ግን ማን ያስበዋል?

ችግሩ የእኔ ብቻ አለመሆኑ ያጽናናል። እ.ኤ.አ. በ1925 ጊዛ ላይ፣ ከታላቁ ፒራሚድ አጠገብ፣ የአሜሪካዊው ጆርጅ ራይዝነር ቡድን የፈርዖን ኩፉን እናት የንግሥት ሄቴፌሬስን መቃብር አገኘ። የዕቃዎቿ እንጨት በስብሶ አልቋል፤ እንጨቱን ለብሶት የነበረው ወርቅ ግን በወደቀበት ስለቆየ፣ ባለሙያዎቹ በወርቁ ቅርጽ ተመርተው አልጋዋን፣ ወንበሯንና አጎበሯን መልሰው ሠሩ። ከሁሉ የሚደንቀው አጎበሩ ነው። ቋሚዎቹና አግዳሚዎቹ እርስ በርስ ተሰካክተው የሚቆሙ፣ ለጉዞ ሲሆን ተነቃቅለው የሚጫኑ ነበሩ። ከ4,500 ዓመት በፊት አንድ አናጢ «ይህ ነገር እንዴት ይጓጓዛል?» ብሎ አስቧል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 በተገኘው የቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥም ባለማጠፊያ የመንገድ አልጋ ነበር።

ግብፃውያን በእንጨት የታደሉ አልነበሩም። የአገራቸው ግራርና ሾላ ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ አይወጣውም፤ ጥሩውን ዝግባ ከሊባኖስ፣ ጥቁሩን ዞጲ ደግሞ ከደቡብ ያስመጡ ነበር። ንግሥት ሐትሼፕሱት ወደ ፑንት የላከቻቸው መርከቦች ከጫኑት አንዱ ዞጲ መሆኑ በዴር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል፤ ፑንትን ደግሞ ብዙ ሊቃውንት በእኛው የቀይ ባሕር ወገን ያደርጓታል። እንጨት ያጣ ሰው ቁርጥራጭ ማገጣጠም ይማራል። አንዱን እንጨት በመሮ ፈልፍሎ፣ የሌላውን ጫፍ ምላስ አድርጎ ማግባትን ግብፃውያን የተካኑት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። በሳቃራ፣ በጆሴር ፒራሚድ ውስጥ፣ ስድስት ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው የተሠራ የሬሳ ሣጥን ተገኝቷል። የኮምፔርሳቶ ቅድመ አያት ልንለው እንችላለን።

የእኛ ደገኛና ደነኛ አገር መንገድ ተቃራኒው ነበር። ዛፉ ሲተርፍ ማገጣጠም ለምን ያስፈልጋል? የጅማው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ መቀመጫውም፣ እግሩም፣ መደገፊያ ካለው መደገፊያውም አንድ አካል ነው። የሚላቀቅ መጋጠሚያ የለውም፤ ምስማር የለውም፤ ኮላ አያውቅም። እግሩ ሦስት መሆኑም ለውበት ብቻ አይደለም። አራት እግር ያለው ወንበር ባልተስተካከለ የአፈር ወለል ላይ ይንገዳገዳል፤ ሦስት እግር ግን የትም ብታስቀምጡት ሦስቱም መሬት ይነካሉ። ዋንዛ ለዚህ ሥራ የተመረጠውም ሲቀርጹት እሺ ስለሚል፣ ሲደርቅም ብዙ ስለማይጣመም ነው። ይኸው ተፈላጊነቱ ጠላት ሆነበትና፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች ተርታ አስገባው።

ከበርጩማም የሚያንስ፣ ከበርጩማም ይበልጥ የግል የሆነ ዕቃ ብርኩማ ነው። የተሠራ ጸጉር እንዳይበላሽ አንገትን የሚደግፍ የእንጨት ትራስ። በኦሞ ሸለቆ ያሉ አርብቶ አደር ወንዶች ዛሬም ይዘውት ይዞራሉ፤ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት ትራስ ነው። በልክ መሥራት የሚባለውን ነገር ከዚህ በላይ የሚገልጽ ዕቃ አላውቅም፤ ለራስ አንገት ቁመት ካልሆነ ማንንም አያስተኛም።

ሰሜኑና መሐል አገሩ ደግሞ የጠፍር አልጋ አለው። አራት እግር፣ አራት አግዳሚ፤ አግዳሚው በጋለ ብረት ይበሳል፤ ከዚያ የራሰ ጠፍር በየቀዳዳው እየተሳበ ይጠለፋል። ጠፍሩ ሲደርቅ ይኮማተርና አልጋውን እንደ ከበሮ ይወጥረዋል። ዓመታት አልፈው ሲረግብ እንደገና ይጠበቃል፤ ሲበጠስ ያው አንዱ ጠፍር ይቀየራል እንጂ አልጋው አይጣልም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ሁሉም ሰው የራሱን ይሠራ ነበር ወይ? እዚህ ላይ ታሪካችን ያዳልጣል። ገበሬው ሞፈሩንና ቀንበሩን በገዛ መጥረቢያው ይጠርባል፤ ዕርፉን ያበጃል፤ ቤቱን በደቦ ይሠራል። ቀንበር የሚጠርብ እጅ በርጩማ አያቅተውም። «አናጢ» መባል ግን ሌላ ነገር ነበር። በጉራጌ አገር የቤት ምሰሶና የእንጨት ዕቃ ያበጁ የነበሩት ፉጋዎች ተገልለውና ተንቀው ኖሩ፤ በሌላውም አካባቢ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ተሰደቡ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን የሚሳደብ እንዲቀጣ ያስነገሩት አዋጅ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ይመሰክራል። ዛሬ በእንጨት ሥራ መዝናናትን እንደ ሥልጣኔ የምናይ ከተሜዎች፣ አያቶቻችን ያንኑ ሥራ በምን ዓይን ያዩት እንደነበር ብናስታውስ አይከፋም።

ጣውላ ሲመጣ ቋንቋውም አብሮ ተለወጠ። መርካቶ የእንጨት ተራ ገብታችሁ ጆሯችሁን ብትከፍቱ ግማሹ ጣልያንኛ ነው፦ ሞራሌ፣ ኮላ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ትራፓኖ፣ ኮመዲኖ። የእነሱን «ኮምፔንሳቶ» እኛ አፋችን እንደቀናን «ኮምፔርሳቶ» አልነው። ጣውላ ራሱም የሩቅ ዘመዳቸው ነው። ከበርጩማ ወደ ቡፌና ቁም ሣጥን የተሻገርነው በእነዚህ ቃላት ድልድይ ነው ብል አላጋነንኩም። እንጨቱን ደግሞ ባህር ዛፍ ሰጠን፤ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ለማገዶ ተብሎ የከተማው ግድግዳ፣ ጣራና አግዳሚ ወንበር ሆነ።

ጣውላ ግን ከግንድ የከበደ ዕውቀት ይጠይቃል። እንጨት ከተቆረጠም በኋላ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል፤ ያውም በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ። በክረምት አራት ጣውላ አጠጋግቶ፣ ዳርና ዳሩን በምስማር ቸንክሮ የጠረጴዛ ፊት የሠራ ሰው ጥር ላይ ስንጥቅ ያገኛል። የድሮ አናጢዎች የበር መሐል ጣውላን በኮላ ሳይለጥፉ በክፈፉ ሰርጓዳ ውስጥ ልቅ አድርገው የሚተዉት መንቀሳቀሻ ለመስጠት ነው። የሰፈራችን አናጢ፣ ጋሼ ነበር የምንላቸው፣ ርጥብ ባህር ዛፍ ይዤ ስሄድ ዳብሰው «ይሄኮ ገና አልሞተም፤ አስቀምጠው» ብለው መልሰውኛል። አልሰማኋቸውም። የሠራሁት አግዳሚ በሁለት ወር ውስጥ እንደ ቀንድ ተጠማዘዘ።

በአውሮፓ ይህን የአናጢ ዕውቀት ከሰው እጅ አውጥቶ ወደ ፋብሪካ ማስገባት የጀመረው ሚካኤል ቶኔት ነው ቢባል ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ1859 የወጣው ቁጥር 14 ወንበሩ በእንፋሎት ከተለመጠ የቢች እንጨት የተሠራ፣ ስድስት የእንጨት ክፍል፣ አሥር ብሎንና ሁለት ዳዶ ብቻ ያለው ነበር። ተፈታቶ 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ይታሸግ ነበር። የሄቴፌሬስ አጎበር በመርከብና በባቡር ዘመን ተመለሰ፤ ያውም ለንግሥት ሳይሆን ለቡና ቤት።

ከዚያ ችግር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሆላንዳዊው ጌሪት ሪትቬልድ ከዕቃ ማሸጊያ ሣጥን እንጨት ወንበር ሠርቶ፣ ገዢው ራሱ ገጣጥሞ እንዲቀመጥበት በአምስተርዳም ሱቅ አስሸጠ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ የቤት ዕቃን ንድፍ ራሱ ወስኖ፣ ቅድሚያ ለአዲስ ተጋቢዎችና ቤታቸው በቦምብ ለፈረሰባቸው በራሽን አከፋፈለ። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ብላክ ኤንድ ዴከር ለቤት የሚሆን የኤሌክትሪክ ትራፓኖ ገበያ ላይ አዋለ፤ የአሜሪካ አባወራ ጋራዡን ወርክሾፕ አደረገው።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ልቤን የወሰደው ኤንዞ ማሪ ነው። ጣልያናዊው ዲዛይነር እ.ኤ.አ. በ1974 ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ አልጋ፣ መደርደሪያ፣ በጠቅላላው 19 ዕቃዎችን ከተራ ጣውላና ከምስማር ብቻ እንዴት መሥራት እንደሚቻል የሚያሳይ ንድፍ አዘጋጀና፣ የፖስታውን ዋጋ ለላከ ሁሉ ላከ። መዶሻና መጋዝ በቂ ነው። በንድፉ ውስጥ ምላስ የለ፣ ሰርጓዳ የለ፤ ጥንካሬው የሚመጣው ጣውላዎቹ በሰያፍ ተያይዘው ሦስት ማዕዘን ከመሥራታቸው ነው። አራት ማዕዘን ክፈፍ ሲገፋ ያጋድላል፤ ሰያፍ ሲገባበት ግን ይቆማል፤ የአጥር በር የሠራ ገበሬ ሁሉ ይህን ያውቃል። ማሪ የፈለገው ሰው ርካሽ ጠረጴዛ እንዲያገኝ አልነበረም። አንድ ጊዜ በገዛ እጁ የሠራ ሰው፣ ሱቅ ሲገባ የሚሸጥለት ዕቃ ለምን እንደሚቆምና ለምን እንደሚወድቅ እንዲያይ ነበር። ብዙዎች ግን ነገሩን የገጠር ጎጆ ማስዋቢያ አድርገው ተረዱትና አናደዱት። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2010 የፊንላንዱ አርቴክ ኩባንያ አንዱን ወንበር ከነምስማሩ አሽጎ መሸጥ ጀመረ።

ንድፉ እውነተኛ ባለቤት ያገኘው በርሊን ውስጥ ይመስለኛል። በላምፔዱዛ በኩል ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ወጣት ስደተኞች ኩኩላ በተባለ ወርክሾፕ የማሪን ወንበሮች ሠርተው እንዲሸጡ ማሪ መብቱን ሰጣቸው። በአንዳንዶቹ ወንበሮች ላይ ከስደተኞች ጀልባ ስብርባሪ የተገኘ፣ ቀለሙ ያልለቀቀ እንጨት አስገብተውበታል።

ዓለምን የያዘው ግን ሌላው መንገድ ነው። ስዊድናዊው ጊሊስ ሉንድግሬን ለኢኬያ አንድ ጠረጴዛ መኪና ውስጥ አልገባ ሲለው እግሮቹን ነቀለ፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1956 ተፈታቶ የሚታሸግ ዕቃ መሸጥ ጀመረ። ለዚህ የሚመች ቁስ በጀርመን ተዘጋጅቶ ነበር፦ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጋግሮ የሚወጣ ሰሌዳ፣ የእኛ ቺፕውድ። ቺፕውድ ወርድና ርዝመት አያውቅም፤ እንደ ጣውላ በበጋና በክረምት አይላወስም፤ ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። ጋሼ በጣታቸው ዳብሰው የሚያውቁትን ሁሉ ፋብሪካው አስቀድሞ ጨርሶታል። ማይጨው ላይ ባህር ዛፍን ፈጭቶ ቺፕውድ የሚያወጣ ፋብሪካ ሲቋቋም ያ ለማገዶ የመጣ ዛፍ ሰሌዳ ሆነ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ልኩን በወረቀት ጽፎ የሄደ ሰው ቺፕውዱን ወይም ኤምዲኤፉን በልኩ አስቆርጦ፣ ጠርዙን አስለጥፎ፣ ቤቱ በካቻቢቴ ሊገጥም ይችላል። በዚህ መንገድ ሙያ የሌለው ሰው ለጠባብ ኩሽናው በልክ የሆነ ቁም ሣጥን መሥራቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አላጣጥለውም።

ሁለት ጠላት ግን አለበት። አንዱ የወለል መወልወያ ውኃ ነው፤ ታችኛው ጠርዝ ከጠጣ እንደ እንጀራ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ ተመልሶም አይወርድም። ሁለተኛው መፈታት ነው። ብሎኑ ፍርፋሪውን ነክሶ ስለሚይዝ፣ አንዴ ተነቅሎ በዚያው ቀዳዳ ሲመለስ ላላ ይላል፤ በሦስተኛው ቤት ቅያሬ ጨርሶ አይነክስም። ለመፈታታት የተፈጠረ ዕቃ መፈታታት የማይችል መሆኑ! የጠፍር አልጋን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። እሱ ሲረግብ የሚጠብቅ፣ ሲበጠስ የሚጠገን ነበር። ዛሬ በቤቱ የሚሠራ ሰው ምክር ቢጠይቀኝ፣ በቺፕውዱ ላይ በቀጥታ አትሰር፤ ቀዳዳውን ወዲያ ማዶ አሳልፈህ ብሎንና ዳዶ ተጠቀም፤ ከግርጌው ደግሞ የሞራሌ እግር አድርግለት እለዋለሁ።

ያ በገመድ የወጣው መደርደሪያዬ የጣውላ ነበር። ቀጥሎ ቤት ስቀይር እንደገና በበረንዳ ማውረድ አስጠላኝና ከወገቡ ላይ በመጋዝ ለሁለት ከፈልኩት። ሁለቱን ግማሽ በአራት ብሎን አያያዝኳቸው፤ የመጋዙ መስመር ትንሽ ስለጎበጠ በመሐል ብርሃን ያሳልፋል፤ መጽሐፍ ሲደረደርበት አይታይም። ብሎኑን የሚፈታው 13 ቁጥር ቁልፍ ከላይኛው መደርደሪያ ጀርባ በሲባጎ ታስሮ ተንጠልጥሏል።