ለስላሳው ፖርሴሊን፤ የአንድ ተተኪ ቁስ ታሪክ

የቻይና ፖርሴሊን ወደ አውሮፓ በገባ ጊዜ ንጣቱና ብርሃን ማሳለፉ የነገሥታቱን ዓይን ማረከ። ዕቃው መጣ እንጂ አሠራሩ አብሮት አልመጣም። ምሥጢሩ ካኦሊን የተባለውን ነጭ የሸክላ አፈር 1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት መተኮስ ነበር። ይህን ያላወቁት ባለሙያዎች ብርሃን አሳላፊነቱን አይተው ፍለጋቸውን ከመስታወት ጀመሩ። በፍሎሬንስ የታላቁ መስፍን የቀዳማዊ ፍራንቼስኮ ዴ ሜዲቺ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ1575 የመጀመሪያውን ውጤት አገኘ፤ መስፍኑ በ1587 ሲሞቱ ግን ሥራው ተቋረጠ።

በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ፈረንሳውያን ሙከራውን ቀጠሉበት። በ1740 በቬንሴን የተቋቋመውና በ1756 ወደ ሴቭር የተዛወረው ፋብሪካ አሸዋን ከፖታሲየም ናይትሬት፣ ከጨው፣ ከሶዳ፣ ከአሉምና ከጀሶ ጋር አቅልጦ ይፈጭና ከጥቂት ኖራማ አፈር ጋር ያቦካው ነበር። ሊጡ የያዘው የሸክላ አፈር አነስተኛ በመሆኑ በመዘውር ላይ ቅርጽ ለመያዝ ያስቸግራል። በእቶንም ውስጥ ሙቀቱ ጥቂት ካለፈ ዕቃው ይጎብጣል፤ ጥቂት ከጎደለ ብርሃን አያሳልፍም። ከዚህም የተነሣ ብዙ ዕቃ ይበላሽ ነበር። ከእውነተኛው ፖርሴሊን ባነሰ ሙቀት የሚበስልና በቀላሉ የሚጫር ስለሆነም «ለስላሳ» ተባለ።

ይሁን እንጂ ድካሙ ከንቱ አልቀረም። እርሳስ ያለበት መስታወት መሰል ልባሱ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚለሰልስ ቀለሙ ወደ ውስጥ ሰርጎ ይዋሐደዋል። በጠንካራው ፖርሴሊን ላይ በቀላሉ የማይገኘው የሴቭር ቀለም ጥልቀት የተገኘው ከዚህ ነው።

በሳክሶኒ ቺርንሃውስና ቦትገር እውነተኛውን ፖርሴሊን በ1708 ደርሰውበት፣ የማይሰን ፋብሪካ በ1710 ተቋቁሞ ነበር። በፈረንሳይ ግን ካኦሊን የተገኘው በ1768 በሊሞዥ አቅራቢያ በሴንት ኢሪዬ ነው። ሴቭር ለተወሰኑ ዓመታት ሁለቱንም ዓይነት ሲሠራ ቆይቶ፣ የማዕድን መሐንዲስና የጂኦሎጂ ሊቅ የነበሩት ዳይሬክተሩ አሌክሳንድር ብሮኛር በ1804 የለስላሳውን ምርት አቆሙ። ብክነቱ ቀረ፤ ያ የቀለም ጥልቀትም አብሮ ቀረ።

የፈረንሳይ ባለሙያዎች አንድ ምዕተ ዓመት ያህል በተተኪ ቁስ ሲደክሙ፣ ዋናው አፈር በገዛ ምድራቸው ውስጥ ተኝቶ ነበር። ስለዚህ የለስላሳው ፖርሴሊን ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል፤ የራስን ምድር አስቀድሞ መመርመር እንደሚገባ፣ ተተኪ ቁስም ሲጣል የራሱ የሆነ በጎ ጠባይ አብሮ እንዳይጣል ማስተዋል እንደሚያስፈልግ።