ሁለቱ የአዱሊስ ጽሑፎች

በብራና የተጻፈን ታሪክ የሚጠራጠር ምሁር እንኳ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ሲያገኝ ልቡ ይረጋል። ብራናን ገልባጭ ያዛባዋል፤ ድንጋይ ግን እንደተቀረጸ ይኖራል። ይህ እምነት የት ድረስ እንደሚያሳስት የአዱሊስ ጽሑፎች ይመሰክራሉ።

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ካሌብ ወደ ሒምያር ለመዝመት ሲሰናዱ፣ ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በሚገኘው በአዱሊስ ወደብ የነበሩ የግሪክኛ ጽሑፎች ተገልብጠው እንዲላኩላቸው የወደቡን ገዥ አዘዙ። የገለበጡትም ኮስማስ የተባለው ነጋዴና ጓደኛው ሜናስ ናቸው። ኮስማስ ለራሱ ያስቀረውን ቅጂ ከዓመታት በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ አሰፈረው።

ጽሑፎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው በጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ግብፅን የገዛውን የ3ኛውን በጥሊሞስ ድል ይተርካል፤ ግርጌው ተሰብሮ ስለነበር መጨረሻው የለም። ሁለተኛው በእምነ በረድ ዙፋን ላይ የተቀረጸ ነው፤ የዚህ ደግሞ መጀመሪያው፣ ከነንጉሡ ስም፣ ጠፍቷል። ጭራ የሌለውና ራስ የሌለው ጎን ለጎን ሲገኙ ኮስማስ አንድ አድርጎ አነበባቸው።

ስለዚህ አጋሜን፣ በረዷማውን ሰሜንን፣ ቤጃንና ከቀይ ባሕር ማዶ ያሉ ነገዶችን ያስገበረው የአክሱም ንጉሥ ሥራ ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ ለግብፅ ንጉሥ ተቆጠረ። ሁለቱን የለያቸው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አገሩን የጎበኘው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ነው። ማስረጃው ግን ከጽሑፉ ጠፍቶ አያውቅም፦ ፊተኛው ስለ ንጉሡ ይናገራል፣ ኋለኛው ንጉሡ ራሱ «እኔ» እያለ ይናገራል። ደግሞም የዙፋኑ ባለቤት በነገሥሁ በ27ኛው ዓመት ይላል፤ በጥሊሞስ ይህን ያህል አልነገሠም።

ሙሉ ሆኖ የደረሰን ድንጋይም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና በጽሑፎቻቸው የሒምያርና የሳባም ንጉሥ ነኝ ይላሉ። በዚያው ዘመን ግን የሒምያር ነገሥታት በገዛ አገራቸው የራሳቸውን ጽሑፍ ያስቀርጹ ነበር። ማዕረጉን እንደ ግዛት ካርታ ያነበበ ታሪክ ጸሐፊ ምኞትን ከይዞታ ጋር ያደባልቃል።

የዙፋኑ ባለቤት ማን እንደሆነ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። ድንጋዮቹ ራሳቸው አልተገኙም። በእጃችን ያለው ኮስማስ የገለበጠውና ሌሎች ገልባጮች በብራና ያቆዩልን ቃል ብቻ ነው። የድንጋይ ምስክር ብለን የምንጠቅሰው፣ ለካ የብራና ምስክር ኖሯል።