ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ፦ የወረታ ሙቀትና የጣሪያችን ታሪክ

የፎገራ ስም ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው ውሃ ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች ሜዳውን አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ፤ በክረምትም ሞልተው ከዳር ይወጣሉ። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የደረሰው ጎርፍ የሚዘነጋ አይደለም። ይሁን እንጂ ይኸው ሜዳ ሌላም ፈተና አለው፤ ይኸውም እስከ ግንቦት የሚዘልቀው የበጋ ሙቀት ነው። ጎርፍ ቤት ሲያፈርስ በዐይን ይታያል፤ ሙቀት ግን የሚጎዳው በየቤቱ በጸጥታ በመሆኑ ባለሙያዎች የሰጠነው ትኩረት አነስተኛ ነው።

ወረታ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ሥፍራ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ፣ በቀትር ከአናት በላይ ቀጥ ብላ ትውላለች። በነሐሴ ደመና ይጋርዳታል። በሚያዝያ ግን ሰማዩ የጠራ፣ መረሬው መሬት የተሰነጣጠቀ በመሆኑ የቀትሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። በዚያን ሰዓት የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይገባል፤ ግድግዳም ብዙ ፀሐይ አያገኘውም። ሙሉውን ንዳድ የሚቀበለው ጣሪያ ነው። ስለዚህ የወረታ የሙቀት ታሪክ በአብዛኛው የጣሪያ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አባቶቻችን ይህን በልምድ ያውቁት ነበር። ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ በእንፍራንዝ አጠገብ፣ የዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደሆነ የሚነገርለት የጉዛራ ግንብ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ጣናን ያያል። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ወደ ውስጥ ፈጥኖ አያሳልፍም፤ ኮረብታውም የሐይቁን ነፋስ ይቀበላል። ግንብ የነገሥታት ነበር። ገበሬው ግን በጎጆው ተመሳሳይ ጥቅም ያገኝ ነበር። የሣር ክዳን በውስጡ ብዙ አየር ስለሚይዝ ሙቀት አያስተላልፍም፤ ከግድግዳው አልፎ የሚወርደው ጠርዝም ምርጉን ከፀሐይም ከዝናብም ይከልላል። የሥራው ሰዓት እንዲሁ የተመጠነ ነበር፤ በማለዳ የተጀመረው ሥራ ፀሐይ ሲበረታ ይቋረጥና ሰውም ከብቱም በሾላና በዋርካ ጥላ ሥር ያርፋል። ገበያውም ሽምግልናውም ዛፍ ሥር መዋሉ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ቆርቆሮ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ መድረሱ አቅርቦቱን አቅልሎታል። ወደ ገጠር ከተሞች የደረሰው በመኪና መንገድ ነው። ወረታም የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ከተማ ሆና ሳለ በደርግ ዘመን በቻይና ርዳታ የተሠራው፣ እስከ ወልድያ የሚዘልቀው፣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ መነሻ ሆነች። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሩዝ በሜዳው ሲስፋፋ ብዙ የግጦሽ መሬት ወደ ማሳ ተለወጠ፤ ለክዳን የሚሆነውም ሣር አብሮ ጠበበ። በሌላ በኩል ገበሬውና ነጋዴው ቆርቆሮን የመረጡት በቂ ምክንያት ኖሯቸው ነው፤ በቀላሉ እሳት አይይዘውም፣ በየጊዜው አይታደስም፣ የዝናብ ውሃም ያጠራቅማል። ነገር ግን ቆርቆሮ ስስ ብረት ነው። በፀሐይ ግሎ ሙቀቱን በቀጥታ ከሥሩ ወዳለው ሰው ይለቃል። ከሣር ወደ ቆርቆሮ ስንሸጋገር በሣሩ ውስጥ የነበረውን የአየር ሽፋን ሳንተካ ቀርተናል።

ጉዳቱ በመጀመሪያ የሚያገኘው ከቤት የማይወጣውን ነው፤ አራስና ሕፃን፣ በሽተኛ፣ አረጋዊ። በቆርቆሮ ክፍል የሚማር ተማሪም ከሰዓት በኋላ ሐሳቡን መሰብሰብ ያዳግተዋል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1995 በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የደረሰው ሙቀት ከ700 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ጉዳዩን ያጠናው ኤሪክ ክላይነንበርግ እንዳመለከተው ብዙዎቹ ሟቾች ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ሲሆኑ፣ ጎረቤት ከጎረቤት በሚገናኝበት ድኻ ሰፈር የሟቹ ቁጥር ዝቅተኛ ነበር። እኛ እድርና የቡና ጉርብትና አለን። ይህ ሀብት ከቀብርና ከሐዘን አልፎ በሚያዝያ ቀትር የአሮጊቲቱን በር ለማንኳኳትና ውሃ ለማቀበል ሊውል ይገባዋል።

በየዓመቱ በሐምሌና በነሐሴ ወጣቶች በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ፣ ችግኝም ይተክላሉ። ሥራው የተመሰገነ ነው። ሆኖም የሚያፈስ ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ ሲተካ ቤቱ ከነሐሴ ዝናብ እንጂ ከሚያዝያ ፀሐይ አይድንም። ከቆርቆሮው ሥር አቡጀዲም ቢሆን ኮርኒስ ቢወጠር፣ በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል አየር መግቢያና መውጫ ቢተው፣ የጣሪያው ጠርዝ ግማሽ ሜትር እንኳ ቢረዝም ልዩነቱ ከፍተኛ ነው። ችግኙም ከኮረብታ ሌላ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በገበያና በመናኸሪያ ሊተከል ይገባል።

የእኛም ድርሻ ግልጽ ነው። ገንዘብ ሲያጥር ከትምህርት ቤትና ከጤና ጣቢያ ሥራ ዝርዝር ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚሰረዘው ኮርኒስ ነው፤ እንደ ጌጥ ስለሚቆጠር። በፎገራ ሜዳ ግን ኮርኒስ ጌጥ አይደለም፤ ሣሩ ይሰጥ የነበረውን መከለያ የሚተካ የጣሪያው ግማሽ አካል ነው። ንድፍ ላይ ስንፈርም ይህ ግማሽ እንዳይጎድል መጠበቅ የሙያችን ግዴታ ነው።