የኮሶ ሻጭ ልጅ እና መልስ ያጣው ደብዳቤ

ረዘም ስለሚል ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን አንድ አጭር ቪዲዮ በውስጥ መስመር ደረሰኝ። አንድ ሰው የሌላውን ሃይማኖት ቅዱስ ነገር እያነሳ ይሳደባል። የላከልኝ አርብ ገበያ ሳለሁ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል። ከሥሩ «ቲቸር፣ ይሄንን ዝም ብለን ልናልፈው ነው?» ብሎ ጽፏል። ቪዲዮው ምን እንደሚል አልደግመውም፤ ማን ማንን እንደሰደበም አልናገርም። ጥያቄው ግን ክፍል ውስጥ የሠራሁትን አንድ ጥፋት አስታወሰኝ።

ጊዜው የ1998 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ነው። ሬዲዮ በከፈታችሁ ቁጥር የዴንማርክ ነገር ነበር። አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ሰው ለወረቀት ሥዕል ብሎ ኤምባሲ ያቃጥላል እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሙስሊም ተማሪ ግን አልሳቀም። ደወል ሲደወል ቆይቶ መጣና ቀስ ብሎ «የእርስዎን እናት እንዲያ አድርገው ቢሥሏቸውስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ስገባ ግን የራሳችን ታሪክ መልሱን ይዞ እንደተቀመጠ ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄንሪ ስተርን የሚባል ሚስዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1860 ወደ አገራችን መጣ። ጀርመን አገር ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ ለንደን ውስጥ ክርስትና የተቀበለ ሰው ነው። ቤተ እስራኤልን ሊሰብክ ዐፄ ቴዎድሮስን ፈቃድ ጠየቀ። ንጉሡም የሚያምኑት ሰዎች በአገሩ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ አድርገው ፈቀዱለት። ስተርን ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንደን ላይ የጉዞ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ንጉሡን ያደነቀበት ቦታ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን እናታቸው በችግር ጊዜ ኮሶ ይሸጡ እንደነበር ጻፈ፤ የዘር ሐረጋቸውንም ጥርጣሬ ላይ ጣለው።

እስቲ ሁለቱንም ወገን እንያቸው። ለለንደን አንባቢ «ከኮሶ ሻጭ ቤት ተነሥቶ ነገሠ» ማለት ሙገሳ ሊሆን ይችላል፤ ከምንም ተነሥቶ ትልቅ የሆነ ሰው ታሪክ ነዋ! ስተርንም የሰማሁትን ጻፍሁ እንጂ ማንን ሰደብሁ ሊል ይችላል። በጎንደር ግን ይህች ቃል የቆየች ቁስል ናት። ካሳ ገና በሽፍትነት ሳሉ ደጃዝማች ወንድይራድ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብሎ እንደፎከረባቸው፣ እሳቸውም ማርከው ኮሶ እንዳጠጡት ይተረካል። ሰሎሞናዊ ነኝ ብሎ ለነገሠ ሰው ደግሞ የዘር ጥርጣሬ ዙፋን የሚነቀንቅ ነገር ነው። ስተርን የጻፈውና ቴዎድሮስ የሰሙት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ትርጉሙ ግን ሁለት ነው።

በጥቅምት 1856 ዓ.ም. ስተርን ንጉሡ ዘንድ ቀርቦ ሳለ ነገር ተበላሸ። አገልጋዮቹ ተደብድበው ሁለቱ ሞቱ። እሱ በድንጋጤ ጣቱን ነከሰ፤ ጣት መንከስ በእኛ አገር የበቀል ዛቻ ነውና እሱም ተደበደበ። ከሳምንታት በኋላ ወረቀቶቹ ተበረበሩ፤ መጽሐፉና ማስታወሻው ችሎት ላይ ተነበበበት። ከሞት ተርፎ በሰንሰለት ታሰረ፤ የተፈታው ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ወዳጅነት ፈልገው ነው፤ መልሱ አልመጣም። ስተርን ችሎት ሲቆም ደብዳቤው ዓመት አልፎት ነበር። ስድቡ ያረፈው ሰሚ ባጣ ሰው ላይ ነው። ስድብ ብቻውን ያን ሁሉ መከራ አላመጣም፤ ስድብና ንቀት ሲገናኙ ግን እሳት ሆኑ። መጨረሻውን የጋይንት ሰው ያውቀዋል፤ ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ መቅደላ የተጎተተው በጋይንት በኩል ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ብረት አቀበት ያወጣው ደግሞ መጽሐፉን ያልጻፈ፣ ያላነበበ ድሃ ወታደር ነው።

አሁን ወደ ዴንማርክ እንመለስ። ዩላንስ ፖስተን የተባለው ጋዜጣ መስከረም 20 ቀን 1998 ዓ.ም. 12 ሥዕሎች አወጣ። የአዘጋጆቹ ሐሳብ «ሰው ፈርቶ እየዘጋ ነው፤ በእኛ አገር ማንም ከቀልድ በላይ አይደለም» የሚል ነበር። ንጉሥንም ቄስንም የመተቸት ነፃነት አባቶቻቸው በብዙ ትግል ያገኙት ነው፤ ይህን አናቃልለው። ሙስሊሙ ግን ነቢዩን ከእናቱ አብልጦ ይወዳል። ጥምጥማቸው ቦምብ ሆኖ ሲሣል «አንተም፣ አባትህም ነፍሰ ገዳይ ናችሁ» ተብሎ ነው የሚሰማው። በጥቅምት ወር የ11 አገሮች አምባሳደሮችና ተወካዮች ጠቅላይ ሚኒስትሩን እንነጋገር ብለው ደብዳቤ ጻፉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አላገኛቸውም። ኤምባሲ የተቃጠለው ወዲያው አይደለም፤ ከአራት ወር በኋላ ነው። እዚህም ደብዳቤ አለ፤ እዚህም ሰሚ የለም።

የሞተውስ ማነው? ሠዓሊዎቹ አይደሉም። ናይጄሪያ ማይዱጉሪ ላይ የተገደሉት ክርስቲያኖች ዴንማርክን በካርታ እንኳ አይተው ላያውቁ ይችላሉ።

«ይሄ የውጭ አገር ነገር ነው» እንዳትሉኝ። በየካቲት 2003 ጅማ ዞን አሰንዳቦ ላይ ቁርአን ተዋረደ የሚል ክስ ተነሥቶ ብዙ የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤቶች ተቃጠሉ። በታኅሣሥ 2012 ደግሞ ከእስቴ አባይን ተሻግሮ ባለችው ሞጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ላይ ቃጠሎ ደረሰ ሲባል መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ነደዱ። ቦታውና ሃይማኖቱ ይለያይ እንጂ የተቀጣው በሁለቱም ቦታ ያላጠፋው ጎረቤት ነው።

መረዳት ማለት ልክ ነህ ማለት አይደለም። ቴዎድሮስ ለምን እንደቆሰሉ ይገባኛል፤ የሁለቱን አገልጋዮች ሞት ግን ልክ ነው አልልም። ስተርን ክፋት አስቦ ላይሆን እንደሚችል ይገባኛል፤ የሰው እናት ላይ ሲጽፍ ግን በእናቲቱ አገር ቃሉ እንዴት እንደሚሰማ መጠየቅ ነበረበት። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መያዝ ከባድ ነው። ታሪክ የሚማሩት ግን ለዚህ ይመስለኛል።

እንግዲህ ለዚያ ተማሪዬ የመለስኩለት ይህን ነው፦ ዝም አትበል። ቅር ያለህን ለሽማግሌ፣ ለሃይማኖት አባት፣ ካስፈለገም ለሕግ ተናገር፤ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለን። ቪዲዮውን ግን አታሰራጨው፤ አንድ ሰው የተናገረውን ለሺህ ሰው የምታደርሰው አንተ ትሆናለህና። በቪዲዮው ላይ የሌለውን ጎረቤትህንም የተናጋሪው ወኪል አታድርገው። አንተ ያልተሰደብክ ወገን ከሆንክ ደግሞ «ምን አስቆጣው?» ብለህ አትሳቅ። ሄደህ «ምን ተሰማህ?» በለው። መልስ ያላገኘ ደብዳቤ የት እንደሚያደርስ አይተናል።

ከኋላ ወንበር የነበርከው ልጅ፣ ይህን ካነበብከው፦ ያን ቀን መሳቄ ስህተት ነበር። ለጥያቄህ መልስ ሳልሰጥህ ስንት ዓመት አለፈ። ይቅርታ አድርግልኝ።