እስክንድርያና ባሕሩ፤ ከታሪክ የምንማረው



የዛሬው ርዕሳችን የእስክንድርያ ከተማ ናት። የመግሪብ ሑጃጆች ወደ መካ ሲጓዙ ያርፉባት የነበረችው ይህች ጥንታዊ ወደብ ዛሬ በጭንቅ ላይ ትገኛለች። ባሕሩ ከፍ እያለ፣ መሬቷም ዝቅ እያለ ነው። ለመሆኑ በዝቅተኛ ቦታ ላይ ያለች ከተማ እንዲህ ካለው ፈተና እንዴት ልትተርፍ ትችላለች?

ባሕሩ እስክንድርያን ሲፈትናት የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ365 በመሬት መንቀጥቀጥ የተነሣ ማዕበል አጥለቅልቋታል። የጥንቱ የነገሥታት ሠፈርም ዛሬ በምሥራቁ ወደብ ውሃ ሥር ነው። ዝነኛውን የመብራት ማማ ኢብን በጡጣ በ1326 ሲጎበኙት አንድ ጎኑ ፈርሶ አገኙት፤ በ1349 ሲመለሱ ግን ከመፈራረሱ የተነሣ ወደ ውስጥ መግባት እንኳ አልተቻላቸውም። ሆኖም ቦታው ባዶ አልቀረም። የመምሉኮች ሱልጣን ቃይትበይ በ1477 (በ882 ዓመተ ሒጅራ) ዛሬም ድረስ የቆመውን ምሽግ በዚያው ሥፍራ አሠሩ።

ሁለተኛው ትምህርት የሚገኘው በ1801 ነው። ፈረንሳዮች በከተማዋ ውስጥ፣ እንግሊዞች ደግሞ ከውጭ ሆነው ሲዋጉ፣ እንግሊዞቹ የቦዩን ግድብ ቆርጠው የባሕር ውሃ ደርቆ ወደነበረው የመርዩጥ ሐይቅ ለቀቁት። በጦርነቱ እጃቸው የሌለበት የገበሬዎች መንደርና እርሻ በጨው ውሃ ተዋጠ። ብዙ ትውልድ የደከመበት ግድብ በጥቂት ሰዎች እጅ በአጭር ጊዜ ፈረሰ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ በ1820 የመሕሙዲያን ቦይ አስቆፈሩ፤ በ1830 ደግሞ በአቡ ቂር የባሕር ግንብ አሠሩ። ከባሕር ወለል በታች ያለውን መሬት ዛሬም የሚጠብቀው ይህ ግንብ ነው። የቆየውም በየዘመኑ እየተጠገነና እየተጠናከረ ስለመጣ ነው።

ይሁን እንጂ ግንብ ብቻውን አይበቃም። ከከተማዋ በስተጀርባ ያለው የመርዩጥ ሐይቅ ከባሕር ወለል 3 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው። ወደዚያ የሚፈሰው ውሃ በመክስ ሠፈር ባሉ ፓምፖች ተስቦ ወደ ባሕር ይጣላል። በጥቅምት 2015 (እ.ኤ.አ.) ከባድ ዝናብ ሲጥል የፍሳሽ መስመሮቹ አልቻሉም፤ ሰዎች ሞቱ፣ የከተማዋም አስተዳዳሪ ከሥልጣን ለቀቁ። ከዚህ የምንረዳው ጎርፉ የሚመጣው ከባሕሩ በኩል ብቻ አለመሆኑን ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኛም አገር ድርሻ አለበት። የዓባይን ደልታ የሠራው ደለል በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ተራሮች ታጥቦ የወረደ አፈር ነው። የአስዋን ታላቁ ግድብ በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ግን ደለሉ በግድቡ ስለሚያዝ ዳርቻው አዲስ አፈር አያገኝም። በሌላ በኩል የዓለም የባሕር ወለል ከ1901 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። በዚህም ምክንያት በደልታው ዳርቻ 69 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የአሸዋ ግድብ በአረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ ድጋፍ እንዲሠራ ታቀደ። የሸንበቆ አጥር ነፋስ ያመጣውን አሸዋ ይዞ ያስቀራል፤ ግድቡም በዚያው ይዳብራል።

እንግዲህ መፍትሔው አንድ አይደለም። ግንቡን መጠገን፣ ዝናብ ሳይመጣ ቦዮችን መጥረግ፣ ሐይቁን በአፈር እየሞሉ ቤት ከመሥራት መቆጠብና ለውሃው የራሱን ቦታ መተው ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ግን ፍትሕ ያስፈልጋል። የድንጋይ ግንብ የማዕበሉን ኃይል ገፍቶ ግንብ የሌለውን ጎረቤት ዳርቻ ሊያስበላ ይችላል። ዓሣ አጥማጁም ከጀልባው ርቆ ቢሰፍር ከውሃው ቢድንም እንጀራውን ያጣል። ስለዚህ የሚነሣ ሰው ቤትም ሥራም ሊያገኝ ይገባል።

አብዛኛው ዕቃችን የሚገባባት የጅቡቲ ወደብም በዝቅተኛ ዳርቻ ላይ ያለች ናት። የእስክንድርያ ጉዳይ የሩቅ ወሬ አይደለም የምንለውም ለዚህ ነው። አላህ ማስተዋሉን ይስጠን።